ተከታይ ያለው ሁሉ ባለ ጉልበት አይደለም፦ በበይነመረብ ስላቅ ላይ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ቁም ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ በቲክቶክና በዩቲዩብ ስም ያወጣ ሰው ፊቱንና ኑሮውን በገዛ እጁ አደባባይ ስላወጣ፣ ማንም እንዳሻው ቢሳለቅበት ቅር ሊለው አይገባም። ጸሐፊው ይህን ለማስረዳት አምስት ነጥብ አንስተዋል። ታዋቂነትን የመረጠ መዘዙንም መርጧል ይላሉ። ስላቅ ከአዝማሪውና ከአለቃ ገብረ ሐና የወረስነው ባህል ነው ይላሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ የታወቀ ሰው ላይ መሳለቅን ፈቅዷል ይላሉ። በቀልድ የተጎዳ ሰው የለም፤ የተሳለቁበት ሰው እንዲያውም ተመልካች ያተርፋል ይላሉ። በመጨረሻም፣ ስለ ስላቅ ገደብ ማውራት ለሳንሱር በር መክፈት ነው ብለው ይደመድማሉ።

ጽሑፉ ተነባቢ ነው፤ ጸሐፊውም ከልባቸው የጻፉት ይመስለኛል። ከአምስቱ ነጥቦች በአንዱ ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ። በቀሩት ላይ ግን ዝም ልል አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ሦስት ዓመት ያህል እንዲህ ላሉ ቪዲዮዎች ንግግር የምጽፈውና ምስል የምመርጠው እኔ ነበርኩ።

ከምርጫው ልጀምር። አንዲት የፀጉር ቅባት የምትሸጥ ሴት ነበረች። በቪዲዮዎቿ ቅባቷ በተመለጠ ራስ ላይ በሁለት ሳምንት ፀጉር ያበቅላል ትላለች። ይህ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ውሸት ስለሆነ ሊሳለቁበት ይገባ ነበር። እኛ ግን ቅባቱን ለጥቂት ሰከንድ ነካ አድርገን አለፍነው። የቀረውን ሁለት ደቂቃ የሞላነው በአነጋገሯ ነበር፤ ቃል በምትስብበት ቦታ እየሳብን፣ አማርኛዋ በሚሰበርበት እየሰበርን። ከዚያም እኔ አንዲት አፍታ አገኘሁ። ሴትዮዋ ስታወራ ልጇ የትምህርት ቤት የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ቢጫ ጀሪካን ይዛ ከኋላዋ ታልፋለች፤ ካሜራውን ስታይ ደንግጣ በአንድ እጇ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ጀሪካኑ ጉልበቷን ይመታዋል። ያችን አፍታ አዘግየናት፤ አጎላናት፤ ዘፈን ጨመርንባት። ከሠራናቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው ያ ቪዲዮ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ከእናትየው አንድ መልእክት ደረሰን። ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች፤ ይላል። ስድብም ልመናም አልነበረበትም። ቅባቱን መሸጥ ግን አላቆመችም፤ እንዲያውም ገበያዋ ደራ።

እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው። ልጅቷ ምን መረጠች? ውኃ ልታስቀምጥ ነበር የመጣችው። እናትየውስ ብትሆን የመረጠችው ቅባቷን ለገበያ ማቅረብን ነው፤ የተወለደችበትን አካባቢ ዘዬ ለፌዝ ማቅረብን አይደለም። ሰው አንድ ነገሩን አደባባይ ሲያወጣ ለዚያ ነገር ይጠየቅ። ሱቅ የከፈተ ሰው ዕቃው ቢነቀፍበት አግባብ ነው፤ ጓዳው ገብቶ መሶቡን መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው።

የምርጫው ነገር የሚከፋበት ሌላ ቦታም አለ። ቤይሩት ወይም ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ሌሊት ሥራዋን ስትጨርስ ከአሠሪዋ ወጥ ቤት ሆና በቀጥታ ስርጭት የምታወራ እህት እናውቃለን። ብዙ ሺህ ተከታይ ሊኖራት ይችላል። የጸሐፊው ሚዛን እሷን «ታዋቂ ሰው» ይላታል፤ ስለዚህም ትቻለው ይላል። ነገር ግን ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተቆራኘ ነው። አሠሪዋ ከተቆጣች ሥራዋን ብቻ ሳይሆን በዚያ አገር የመኖር መብቷንም ልታጣ ትችላለች። የእሷን ቪዲዮ ቆርጠን፣ በአረብኛዋ ስቀን፣ ከአገር አገር ስንበትነው የማድ ቤቱ ንጣፍና የልጆቹ ድምፅ አብረው ይሄዳሉ። የማን ቤት እንደሆነ ለመለየት ንጣፉ ይበቃል። ተከታይ መብዛት ጉልበት ነው የሚለው ስሌት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እሷ በስልኳ ውስጥ ዝነኛ ናት፤ ከስልኳ ውጭ በሩ የሚቆለፍባት ሠራተኛ ናት።

በሌላ በኩል ምሕረት የማያሻቸው አሉ። ገንዘብ ተቀብሎ ያልሞከረውን መድኃኒት የሚያሞካሽ አለ። ዛሬ ያስገባችሁት ብር በወር እጥፍ ይሆናል እያለ የደሃ ቁጠባ የሚያስበላ አለ። ለአንዲት አሮጊት አንድ ኩንታል ጤፍ ለመስጠት ሦስት ካሜራ ይዞ ሄዶ እንባዋን አቅርቦ የሚቀርጽ አለ። በእነዚህ ላይ የሚሠራ ስላቅ ሲያንስ ነው የማዝነው። እኛም ያን ጊዜ ልንሠራው የሚገባን እሱን ነበር፤ ጀሪካኑ ቀለለንና እሱን መረጥን።

ወደ ባህሉ ልለፍ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊውን በጥሞና ነው ያነበብኳቸው፤ ምክንያቱም አዝማሪ ቤት የሚወድ ሰው ጽሑፍ እንደሆነ ያስታውቃል። እኔም እወዳለሁ። ግን አዝማሪው እንዴት እንደሚሳለቅ አብረን እናስታውስ። ማሲንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል። ዓይንህን እያየ ነው የሚወጋህ። ጉንጭህ ሲቀላ ያያል፤ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው የሚስቀው ካንተ ጋር ይሁን በአንተ ላይ አዝማሪው ያውቀዋል፤ እንደዚያው ይለዝባል ወይም ይጨምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተነካው ሰው መልስ አለው። «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም የገዛ ራሱን የሚወጋውን ስንኝ በገዛ አፉ ያዜመዋል። ሲነጋ ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። ስልክ ላይ ያለው ስላቅ ግን አይነጋለትም። የተነካው ሰው ተቀበል ቢል ተቀባይ የለውም፤ መልሱን መቶ ሰው ሲያየው ስላቁን መቶ ሺህ ሰው አይቶት አድሯል።

ሰምና ወርቁስ ለምን መጣ? አዝማሪው የሚወጋው ጌታ ጎራዴ ስለነበረው ነው። ሰሙ መሸሸጊያው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እየለቀመ እንዲያስገድል ያደረገው፣ በየገበያው የሚዜመው ስንኝና የሚነገረው ትንቢት ለወራሪው ኃይል ስጋት ስለሆነበት ነበር። አዝማሪዎቹ በስንኛቸው ሕይወታቸውን ነው የከፈሉት። አለቃ ገብረ ሐናም ቢሆኑ ሲታወሱ የሚኖሩት መኳንንቱንና ካህናቱን፣ ማለትም ሊቀጧቸው የሚችሉትን ሰዎች በመንካታቸው ነው። የተክሌን ዝማሜ እንዳበረከቱ የሚነገርላቸው ሊቅ ናቸው፤ ቃል የሚመርጡት እንደ ሊቅ ነበር። አሁን ይህን ውርስ ይዘን፣ ግማሽ ሚሊዮን ተከታይ ያለው ገጽ ከፍተን፣ ጀሪካን በያዘች ተማሪ ላይ ስንዘምት በዚህ ታሪክ ውስጥ አዝማሪው ማን ነው? ጌታውስ? ባህሉን እንጥቀስ ካልን ባለ ጎራዴው እኛ ነን።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ስላቅ አለ፤ ሽሙጥ አለ፤ ተረብ አለ፤ ፌዝ አለ፤ ዘለፋ አለ። ተረብ በእኩዮች መካከል ነው፤ ተራቢው ነገ ተተራቢ ነው። ስላቅ ከበስተጀርባው የሚሞግተው ሐሳብ አለው። ዘለፋ ግን ምንም አይሞግትም፤ ሰውየውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነዚህን ሁሉ «ስላቅ» እያለ ስለሚጠራቸው ነው ክርክሩ የተቃና የሚመስለው።

ሦስተኛው ነጥብ የአሜሪካው ፍርድ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1988 ሐስትለር በተባለው መጽሔትና በሰባኪው ጄሪ ፋልዌል መካከል የተሰጠውን ውሳኔ ነው። መጽሔቱ ሰባኪውን ከነእናቱ የሚያዋርድ የፌዝ ማስታወቂያ አወጣ፤ ፋልዌል ከሰሰ፤ የተሰየሙት ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለመጽሔቱ ፈረዱ። ይህ እውነት ነው፤ ውሳኔውም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሦስት ነገር ተዘሏል። ፋልዌል ተራ ሰው አልነበረም፤ የአገሪቱን ፖለቲካ ያንቀሳቀሰ ትልቅ ንቅናቄ መሥራች ነበር። ሁለተኛ፣ በገጹ ግርጌ ፌዝ መሆኑ ተጽፎ ነበር፤ ጉዳዩን በመጀመሪያ ያዩት ከተራው ሕዝብ የተመረጡ ዳኞችም (ጁሪ) ማስታወቂያውን አንባቢ እውነት ብሎ ሊቀበለው አይችልም ብለው ነበር፤ ውሳኔው የቆመው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር ተመስሎ ያልተናገረውን ሲናገር፣ የአርባ ደቂቃ ንግግር ተቆርጦ የስምንት ሰከንድ ቅሌት ሲሆን፣ ተመልካቹ እውነት ብሎ ነው የሚያየው። ያ ቀልድ አይደለም፤ ሐሰተኛ ምስክርነት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ፍርድ ቤቱ የተጠየቀው ሕግ ይህን ሰው ካሣ ያስከፍለው ወይስ አያስከፍለው የሚል ነበር። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ወንጀል የሚል ቃል አለን፤ ነውር የሚልም ቃል አለን። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ቃል ባላስፈለገን ነበር። ጽሑፉ ወንጀል አለመሆኑን አስረድቶ ነውር አለመሆኑን ያስረዳ ይመስለዋል። በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን፣ በአንቀጽ 24 ደግሞ የሰውን ክብርና መልካም ስም ጎን ለጎን ያስቀመጠው አንዱ ሌላውን እንዳይውጥ ነው።

ከአሜሪካ ምሳሌ መውሰድ ካስፈለገ እኔ የምወስደው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለዩቲዩብ ስላቅ አቅራቢዎቹ ለኢታንና ለሂላ ክላይን ፈርዶላቸዋል። ባልና ሚስቱ የሌላ ሰውን ቪዲዮ አብዛኛውን ክፍል ወስደው በራሳቸው ረዘም ያለ ቪዲዮ ውስጥ አስገብተውታል፤ ግን እያቆሙ፣ በየመካከሉ እየተናገሩበት፣ እዚህ ጋ ያልከው ለምን እንደሚያስቅ ላሳይህ እያሉ ነው። ዳኛዋ ይህ ትችት ነው አሉ። ተመልካቹ የተተቸውንም የተቺውንም ቃል ሰምቶ ራሱ ይፈርዳል። እኛ ጀሪካኑን ስናዘገይ እንዲህ አላደረግንም፤ እናትየው ስለ ቅባቷ ምን እንዳለች እንኳ ከቪዲዮው አይታወቅም ነበር።

አራተኛው ነጥብ፣ በቀልድ የተጎዳ የለም የሚለው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጸሐፊው ጉዳት የሚፈልጉት ሳቂው ዘንድ ስለሆነ ነው ያጡት።

ሃና ኪሙራ የምትባል ጃፓናዊት የትግል ስፖርተኛ ነበረች። በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የመወዳደሪያ ልብሷ በእጥበት ተበላሽቶባት አብሯት በሚኖረው ወጣት ላይ ተቆጣች። የጥቂት ደቂቃ ቁጣ ነበር። ከዚያ በኋላ በማኅበራዊ ሚዲያ የወረደባት ውርጅብኝ አላቆመም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2020 ራሷን አጠፋች፤ 22 ዓመቷ ነበር። የተጻፈባት አብዛኛው ዘለፋ እንጂ ስላቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ሆን ብለን አንቀላቅላቸው። ነገር ግን ዘለፋውን የጻፉት ሰዎችም «ታዋቂ ናት፤ ትቻለው» ሊሉ ይችሉ ነበር። የጸሐፊው መከራከሪያ ለስላቅ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ ለማንኛውም ዓይነት ውርጅብኝ እኩል ይመቻል። ችግሩም እሱ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ወር ማብቂያ ላይ በፌስቡክ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሥራ ቦታቸው ከብሔራቸው ጋር ተያይዞ ተለጠፈ፤ ብዙም ሳይቆይ በቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው በናይሮቢ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ ላይ ክስ መሥርቷል። እርሳቸው የቲክቶክ ዝነኛ አልነበሩም፤ የተለጠፈውም ቀልድ አልነበረም። የማነሳው ስለዚህ ነው፤ እኛ የምንኖረው የሰው ብሔር ከስሙና ከፊቱ ጋር ተጣምሮ ስልክ ላይ ሲወጣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ባየ አገር ነው። አነጋገርን እያስመሰሉ መሳቅ በሌላ አገር የመድረክ ጥበብ ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን አነጋገር የት እንደተወለድክ ይናገራል፤ የት እንደተወለድክ ደግሞ ለብዙ አስተያየት ጻፊ የስድብ በር ነው። የቅባት ሻጯን ቪዲዮ ከለጠፍን በኋላ ከሥሩ የተጻፈውን አንድ ሌሊት ሙሉ አነበብኩ። ስለ ቅባት የጻፈ ሰው ከመቶ አምስት አይሞላም ነበር። የቀረው ስለ ወገኖቿ ነው። እኛ አንድም የብሔር ስም አልጠራንም፤ መጥራትም አላስፈለገንም፤ ዘዬዋን ስንስብ ጠርተነዋል።

ተመልካች ታተርፋለች የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አዎ፣ አተረፈች፤ ከላይ እንዳልኩት ገበያዋ ደራ። ይህ ግን ስላቁ መክሸፉን ነው የሚያሳየው። ውሸቷን ልናጋልጥ ተነስተን ማስታወቂያ ሠራንላት፤ ዋጋውን ልጇ ከፈለች።

አሁን አምስተኛው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ቃላቸውንም አልቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኦሃዮ ግዛት የፓርማ ከተማ ነዋሪ የሆነ ሰው የከተማውን ፖሊስ የሚያሾፍ የፌስቡክ ገጽ በመክፈቱ ታስሮ አራት ቀን እስር ቤት አድሯል። ችሎት ቀርቦ ነጻ ወጣ፤ በፖሊሶቹ ላይ ያቀረበውን ክስ ግን የበላዩ ፍርድ ቤት ሳይቀበለው ቀረ። የመናገር ነጻነት በሰፈነበት አገር ይህ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ ለፖሊስ ተጨማሪ ሥልጣን እንስጥ የሚል ሰው አያስተውልም። የ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ለሥነ ጥበባዊ ፈጠራ ከለላ ቢሰጥም ስላቁን ከጥላቻው የሚለየው መጀመሪያ መርማሪው ነው። እኔ መርማሪ ስለ ቀልድ እንዲፈርድ አልፈልግም። በስላቅ የሚታሰር አንድም ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ስለዚህ ስለ ገደብ ዝም እንበል ሲሉ መንገዱ የሚወስደው ወዴት እንደሆነ አላዩትም። ከኪሙራ ሞት በኋላ ጃፓን ውስጥ ዘለፋ ከጻፉባት ሰዎች ሁለቱ የተቀጡት 9,000 የን ብቻ ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉን አጠበቀው፤ ከ30 ቀን በታች የነበረው የስድብ ቅጣት እስከ አንድ ዓመት እስራት ከፍ አለ። የሕግ ባለሙያዎች ለትችትና ለስላቅም ይተርፋል ብለው ቢሰጉም አልተመለሰም። ሳንሱሩ የገባው ስለ ጨዋነት ስለተወራ አልነበረም፤ በወቅቱ በቂ ሰው ስላላወራ ይመስለኛል። ስላቅ ሠሪዎች እርስ በርሳችን ይህ ነውር ነው፣ ልጆቹን ተዉ፣ ዘዬውን ተዉ፣ የተናገረውን ያዙ ካልተባባልን፣ አንድ ቀን አንዲት ልጅ ትሞታለች፤ ያኔ አዋጁን የሚያረቀው ሌላ ነው።

እኔ ከዚያ ገጽ ወጥቻለሁ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች አሁንም ይሠራሉ፤ አንዱ እንዲያውም ከምርቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን እያነበበ ሻጮቹን በራሳቸው ቃል የሚያፋጥጥበት ዝግጅት ጀምሯል፤ ያስቃል፤ ሻጮቹም ይፈሩታል። የቅባቱን ቪዲዮ መልእክቱ በደረሰን ቀን ከገጻችን አጠፋነው። እስከዚያ ድረስ ግን ማን ወደ ስልኩ እንዳወረደውና የት እንዳስቀመጠው ልናውቅ አልቻልንም። ባለፈው ወር በማላውቀው ገጽ ላይ አገኘሁት። ዘፈኑ ተቀይሯል፤ እናትየው ጨርሳ ተቆርጣ ወጥታለች፤ የቀረው ልጅቷ፣ ቢጫው ጀሪካንና ፊቷን የሸፈነችበት እጇ ብቻ ነው። ማን እንደሆነች፣ ስንት ዓመቷ እንደነበረ፣ ለምን እንዲያጠፋው እንደምለምነው ዘርዝሬ ለገጹ ባለቤት ጻፍኩለት። መልእክቱን እንዳየው ምልክቱ ያሳያል። እስካሁን አልመለሰልኝም።